አማቴ፣ መርማሪዋና የላ ሲየንጋ መንገድ

ከባልድዊን ሂልስ እስከ ፌርፋክስ አንድ ምዕራፍ ተኩል ነው። በማይል ካላችሁ አምስት ቢሆን ነው፤ ሎስ አንጀለስ ውስጥ በማይል የሚቆጥር ግን ገና ትናንት ከአውሮፕላን የወረደ ሰው ነው። ከረም ያለው በደቂቃ ይቆጥራል። በጣም የከረመው ደግሞ ተስፋውን ቆርጦ መኪናው ውስጥ መጽሐፍ ያስነብባል። ዓርብ ማታ ያው መንገድ ሦስት ምዕራፍ ይሆናል። ዝናብ ካካፋማ (እዚህ ከተማ ሲያካፋ ሾፌሩ ሁሉ መንጃ ፈቃዱን በዚያው ጠዋት የተቀበለ ይመስላል) የመጽሐፉ ግማሽ ያልቃል።

የምንወርደው በላ ሲየንጋ ነው። ከመንገዱ ግራና ቀኝ፣ በደረቁ ኮረብታ ላይ፣ ነዳጅ የሚስቡት ብረቶች ቀንና ሌሊት ጎንበስ ቀና ይላሉ፤ ማኅሌት ቆሞ ያደረ ደብተራ መቋሚያውን ተደግፎ ሲያንጎላጅ አይታችሁ እንደሆነ ልክ እንደዚያ ናቸው። እንግዳ ሰው ሁሉ ያንኑ ይጠይቃል።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ነዳጅ ነው።»

«ከተማ መሀል?»

«ኧረ ከተማው ነው ነዳጁ መሀል የገባው።»

እውነትም ነው። ነዳጁ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1924 ሲሆን ሰፈራችን በቅጡ ሰፈር የሆነው ከዚያ በኋላ ነው። የኮረብታው ስም የመጣው ኤልያስ ባልድዊን ከሚባል ባለርስት ነው። ሰውየውን በሕይወት ሳለ «ዕድለኛው» ይሉት ነበር። ዕድለኛው ባልድዊን የሞተው በ1909 ነው፤ ነዳጁ ከመገኘቱ 15 ዓመት በፊት። ስም አወጣጥ ላይ ፈረንጅም እንደ እኛው ይቸኩላል።

አሁን ወደ አማቴ ልሂድ። አማቴ ከደብረ ማርቆስ የመጡት ልጃቸውን ሊያርሱ ነው። ስድስት ወር የተፈቀደላት ኢትዮጵያዊት እናት አሜሪካ መጥታ ምን እንደምትሠራ የማያውቅ የለም፦ ገንፎ፣ አጥሚት፣ ሕፃን ማጠብ፣ «ልጁን ብርድ መታው» ማለት፣ የቤቱን ማቀዝቀዣ ማጥፋት። ከአራስ ቤት ወጣ የሚሉት ፌርፋክስ ሲሄዱ ብቻ ነው። ኮረሪማ አለ፣ ትኩስ እንጀራ አለ፣ የሚቀርብላቸው ሰላምታ አለ። ባለቤቴ እንቅልፍ ባገኘች ቁጥር ስለምትተኛ ሾፌሩ እኔ ነኝ።

አማትና አማች በአንድ መኪና! የአገራችን ደንብ ለዚህ አልተዘጋጀም። በደንቡ አማች አማቱ ፊት ቀና ብሎ አይጎርስም፤ አማትም ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ አንገቷን ሰበር ታደርጋለች። ሎስ አንጀለስ ይኼን አታውቅም። ሁለታችንንም ጎን ለጎን በቀበቶ ጥርቅም አድርጋ ታስርና ቀይ መብራት ላይ ታቆመናለች። «ጤናዎ እንዴት ነው እማማ?» «እግዚአብሔር ይመስገን።» «ጉልበትዎ ተሻለዎት?» «እግዚአብሔር ይመስገን፤ እናትህ ደኅና ናቸው?» «እግዚአብሔር ይመስገን።» ኦባማ ቡልቫርድ ሳንደርስ ወሬው ተሟጠጠ። ከፊታችን ገና ሙሉ ምዕራፍ አለ።

ስለዚህ መጽሐፌን ከፈትኩት። ለራሴ ጀምሬው የነበረው የሮበርት ጃክሰን ቤኔት «ዘ ቴይንትድ ከፕ» ነበር፤ በእኛ አፍ «የተመረዘው ጽዋ» ብንለው ያስኬዳል። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ፣ በ2025 የሁጎን ሽልማት ያገኘ፣ ግማሹ የወንጀል ምርመራ ግማሹ ምትሃት የሆነ ልብ ወለድ ነው። ምትሃቱ ግን በዱላ የሚጠቀስ አይደለም። በዚያ ግዛት ዕፅዋትንና ሥጋን እየለዋወጡ ሰውን ራሱን ያሻሽሉታል። ክረምት ሲገባ ከባሕር ተራራ የሚያህሉ አውሬዎች ይወጣሉ፤ መንግሥቱ የቆመው እነሱን በግንብ ለማገድ ነው። በዚህ ሁሉ መሀል አንድ የመንግሥት ሹም በአንድ ባለጸጋ ቤተሰብ ቪላ በእንግድነት አድሮ ሞቶ ይገኛል።

አማቴ እንግሊዝኛ አያውቁም። ድምፁ ዝምታችንን ከሞላልኝ ይበቃኛል ብዬ ነው የከፈትኩት። እሳቸው ግን ዝም ብሎ የሚለፈልፍን ነገር ዝም ብለው የሚያሳልፉ ሰው አይደሉም።

«ይኼ ሰውዬ ምን እያለ ነው?»

«ተረት ነው እማማ።»

«የምን ተረት?»

«አንድ ሹም ሰው ቤት በእንግድነት አደረ። ከሰውነቱ ውስጥ ዛፍ በቅሎ፣ ጣሪያውን በስቶ ወጣ፤ ሰውየው ሞተ።»

«በስመ አብ» ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ትንሽ አሰቡና፣ «ምን ዓይነት ዛፍ?» አሉ።

በዚህ ጥያቄ ተጀመረ። ከዚያ ቀን በኋላ መጽሐፉ የእኔ አልነበረም። ሰላሳ ሰከንድ ይተረካል፣ አቆማለሁ፣ በአማርኛ እነግራለሁ፣ ጥያቄ ይመጣል፣ መልስ እሰጣለሁ፣ አረንጓዴ ሲበራ ከኋላ ጡሩምባ ይነፋብኛል፣ እንቀጥላለን። በሰዓታት የሚያልቀው መጽሐፍ በእኛ መኪና ውስጥ የአንድ ጾም ዕድሜ አገኘ።

የመጽሐፉ መርማሪ አና ዶላብራ የምትባል ሴት ናት። ከቤቷ መውጣት አትወድም፤ ዓይኗን በጨርቅ ሸፍና ትቀመጣለች፤ ማየት ሐሳቧን ይበትንባታልና። የምትሠራው በጆሮዋ ነው። ወንጀሉ የተፈጸመበት ቦታ የሚሄደው ዲን የሚባል ወጣት ረዳቷ ነው። ይኼ ልጅ አእምሮው በዚያ አገር ጥበብ ተለውጦ፣ ያየውንና የሰማውን ሁሉ ቃል ሳይጥል ይይዛል። ሽቶ ያለባቸው ትንንሽ ብልቃጦች አሉት፤ አንዱን ሲያሸት በዚያ ሽታ ያስቀመጠው ነገር ሁሉ እንደ አዲስ ይመጣለታል። ተመልሶ ለእመቤቲቱ አንድ በአንድ ያወርድላታል።

እንግሊዝኛ አንባቢ ይኼን ሲሰማ «ምን ያለ ፈጠራ!» ይላል። አማቴ ግን ጭንቅላታቸውን ነቀነቁና፣ «አብሾ ጠጥቷል በለኛ» አሉ።

ጎጃም ያደገ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። ለሌላው ልንገር፦ በአብነት ትምህርት ቤት አካባቢ ሲወራ የኖረ ዕፅ ነው፤ የጠጣ ተማሪ አንዴ የሰማውን ዜማ እስከ ዕለተ ሞቱ አይረሳም ይባላል። ዕዳም አለው፤ አብሾ የጠጣ ሰው ጠላ ወይም አረቄ ከቀመሰ ያብዳል ይላሉ። አማቴ ልጁን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በዓይነ ቁራኛ ይዘውታል። ልጁ ማዕድ በቀረበ ቁጥር፣ «ጠጣ?» ይላሉ። «አልጠጣም እማማ።» «ጠብቅ። ይኼ ልጅ መጨረሻው አያምርም።»

ስለ ብልቃጡም የሚያስደንቃቸው አልነበረም። «ዕጣን ሲሸትህ ቅዳሴው አይመጣልህም? ያው እሱ ነው።» ዓይኗን ስለሸፈነችው ሴት ደግሞ፣ በአገራቸው ዓይነ ስውር የቅኔ መምህር እንዳለና መቶ ተማሪ ፊት ተቀምጦ ከኋላ ማን እንዳንቀላፋ በትንፋሹ እንደሚያውቅ ነገሩኝ። ደራሲው ዓመታት ፈጅቶ ያሰበው ምትሃት ሁሉ የጎጃሞቹ የእንዶዳምና የዲማ ተራ ነገር ሆኖ ተገኘ።

ያላመኑት ሌላውን ነው።

«ቆይ ቆይ። ሬሳው በተገኘ በዚያው ጠዋት መርማሪ መጣ?»

«አዎ።»

«ማንም ሳይለምነው? ደጅ ሳይጠና?»

«ሥራው ነው እማማ።»

«ይኼ ጎረምሳ ደግሞ የዚያን ሁሉ ሀብታም ቤት ገብቶ፣ ዘበኛውን፣ አትክልተኛውን፣ ወጥ ቤቷን ሁሉ ጠየቀ? ተው አሉት እንጂ!»

«የመንግሥት ወረቀት ይዟል።»

አማቴ ወደ መስኮቱ ዞሩ። «እዚህ ላይ ደራሲው ዋሸ» አሉ።

እኔም ነገሩን ቆይቼ ሳስበው፣ ምትሃትና ምርመራን ማጋባት ለእኛ አዲስ ዘውግ እንዳልሆነ ገባኝ። በእኛ አገር የፍርድ ሥርዓት ነበር። አማቴ አያታቸው የነገሯቸውን በላ ሲየንጋ ላይ ተረኩልኝ፦ ሌባሻይ። ንብረት የተሰረቀበት ሰው አቤት ይላል፤ ሌባሻዩ አንድ ልጅ ይዞ ይመጣል፤ ልጁን ስሩ ምሱ የማይታወቅ ነገር ያጠጡታል፣ ትንባሆም ያስቡታል። ልጁ ራሱን ስቶ ይነሣል። ወገቡ ላይ የታሰረውን መቀነት አንድ ሰው ከኋላ ይዞ፣ ልጁ ከደጅ ደጅ፣ ከአጥር አጥር እየሮጠ ይዞራል። ገብቶ የተዘረረበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው፤ ይክፈል። ይኼ ሥራ በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በመንግሥት እስኪከለከል ድረስ ሹም ያለው፣ ደንብ ያለው ነገር ነበር። ልብ በሉ፤ ዕፅ የጠጣ ልጅ ይዞራል፣ አንድ ትልቅ ሰው ከኋላው ሆኖ ይፈርዳል። አናና ዲን ማለት እነዚህ ናቸው፤ መቀነቱ ብቻ ቀርቷል። ልዩነቱ የአና ልጅ ማስረጃ ይዞ ይመጣል፤ የእኛው ልጅ የሚወድቀው ደግሞ ብዙ ጊዜ የድሀ ቤት ነበር ይባላል። እንግዲህ ዕፁም የሚያውቀው ነገር ነበረው።

አማቴ ራሳቸው ግን የሌባሻይ ደጋፊ አይደሉም። እሳቸው የአፈርሳታ ሰው ናቸው፤ አውጫጭኝ የሚሉትም አሉ። አና ተጠርጣሪዎቹን ለየብቻ እያስጠራች ስትጠይቅ ትዕግሥታቸው አለቀ። «ለየብቻ ይጠየቃል እንዴ? ለየብቻማ ሁሉም ይዋሻል። አንድ ሜዳ ላይ ሰብስቦ ማዋል ነው!» የአፈርሳታ ነገር ይኼው ነው። ወንጀለኛው ያልታወቀ እንደሆነ ያገሩ ሰው በሙሉ ይጠራል፣ የቀረ ይቀጣል፣ እህሉ አዝመራ ላይ ቢሆን፣ ላሟ ብትወልድ፣ ነገሩ ሳይወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። የሚያውቅ ሰው ፊት ለፊት መናገር ስለሚፈራ፣ ወሬውን የሚያቀብል በምስጢር የተያዘ ሰው አለ፤ «ወፍ» ይባላል። ማን ነገረ? ወፍ ነገረ። ከሳሽ የለ፣ ቂም የለ። አማቴ በመጽሐፉ ውስጥ ወፍ ፍለጋ ገቡ። ቡና የምታቀርበዋን ገረድ ጠረጠሩ፣ አትክልተኛውን ጠረጠሩ፤ ገዳይ ናቸው ብለው ሳይሆን ያውቃሉ ብለው። «አገልጋይ የማያውቀው ነገር የለም። ልጁ ቁጭ ብሎ አብሯቸው ሽንኩርት ቢልጥ እኮ ይነግሩታል።» የምርመራ ልብ ወለድ እድሜዬን ሙሉ አንብቤያለሁ፤ ይኼን የሚያህል ምክር ከየትኛውም መርማሪ አልሰማሁም።

ስለ ጆሮ መጽሐፍ አንድ ነገር ልበል። በወረቀት የሚያነቡ ወዳጆች አሉኝ፤ ግማሾቹ መጀመሪያ የመጨረሻውን ገጽ ገልጠው ገዳዩን ካወቁ በኋላ በሰላም ያነባሉ። በጆሮ ይኼ ብልግና አይመችም። እርግጥ ጣት ሰዶ ወደ ፊት ማስፈንጠር ይቻላል፤ ግን የት እንደምትወድቅ አታውቅም፤ ሰው ሲያለቅስ ትደርሳለህ፣ ለምን እንደሚያለቅስ አይገባህም፣ አፍረህ ትመለሳለህ። ሌላም ችግር አለ፦ ዋናው ፍንጭ ሁልጊዜ የሚነገረው ወደ ግራ ልትታጠፍ መሪ ስትጠመዝዝ ነው። ደራሲው ከትራፊክ ጋር የተማከረ ይመስላል።

ምርመራና ጆሮ ከጥንትም ዘመዳሞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1935 እንግሊዝ ውስጥ ለዓይነ ስውራን መጽሐፍ በሸክላ እየተቀረጸ መታደል ሲጀምር፣ ከመጀመሪያዎቹ መካከል አንዱ የአጋታ ክሪስቲ የሮጀር አክሮይድ ግድያ ነበር። ያን መጽሐፍ የሚያውቅ ምን ያህል ተንኮለኛ ምርጫ እንደሆነ ይረዳል፤ ለማያውቅ አልናገርም። እኛም ቤት ቢሆን በጆሮ መስማት ስልክ ያመጣው ነገር አይደለም። አማቴ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» አላነበቡትም፤ በ1958 ዓ.ም. ሲታተም እሳቸው ፊደል የቆጠሩት እስከ ዳዊት ነበር። ግን ያውቁታል፤ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬድዮ ሲተርከው ሰምተዋል። ታሪኩ የገዛ አገራቸው የጎጃም ነው፤ ጉዱ ካሣን የጎረቤት ሰው ያህል ነው የሚያነሱት። ሬድዮ ያለበት ቤት ሰፈሩ ይሰበሰብ እንደነበር፣ ሰብለ ወንጌል ስትንገላታ ማን እንዳለቀሰ፣ ማን ደግሞ አላለቀስኩም ብሎ እንደካደ በስም ይጠሯቸዋል።

«ታዲያ ያኔ ዝም ብላችሁ ነበር የምትሰሙት?» አልኳቸው፤ ለራሴ ትንሽ ፋታ ፈልጌ።

«ምን በወጣን! ፊታውራሪ መሸሻን እየሰደብን ነበር የምንሰማው። ሬድዮው አይቆምልንም እንጂ!»

ጉዳዩ እዚህ ላይ ተገለጠልኝ። እኔ በእያንዳንዱ ሰላሳ ሰከንድ የማቆመው መጽሐፍ፣ እሳቸው ወጋየሁን ሲሰሙ ያጡት መብት ነው፤ በመጨረሻ የሚቆም ተራኪ አገኙ።

ስልኩ ላይ ድምፅ ማፍጠኛ እንዳለ ያየሁት ቀን ደግሞ ተጣላን ማለት ይቻላል። መጽሐፉ ሊያልቅልኝ ስላልቻለ፣ ብዙ ሰው እንደሚያደርገው፣ ወደ አንድ ነጥብ አምስት አወጣሁት። ተራኪው ለአውሮፕላን የዘገየ ሰው ሆነ። አማቴ ደነገጡ። «ምን ነካው? ተከተሉት?» ነገሩን ሳስረዳቸው፣ «ወጋየሁን እንዲህ ብታደርገው ኖሮ እግዜርም ይቅር አይልህም ነበር» አሉ። እውነት ነው። የወጋየሁ ንጋቱ ትረካ ዛሬ ዩቲዩብ ላይ አለ፤ ከፈለጋችሁ አፍጥኑትና ሞክሩት፤ በዛብህና ሰብለ የሚፋቀሩት ሳይሆን ታክሲ የሚጋፉ ይመስላል። ጸጥታው ራሱ ትረካ ነበር። ወደ አንድ መለስኩት።

ስለ እኛ ደራሲዎች መጠየቃቸው አልቀረም። «በአማርኛ እንዲህ ያለ የለም?» አሉ። የይስማዕከ ወርቁን «ዴርቶጋዳ» ነገርኳቸው፤ በ2001 ዓ.ም. ወጥቶ ወጣቱን ሁሉ ያሳበደ፣ ስለላና ምስጢር ከጣና ገዳማት ጋር ያጋባ መጽሐፍ ነው። ጣና ስላቸው ተቆጡ። «ገዳም ውስጥ ነው የሰላይ ነገር?» ወደ ዛፏ ተመለስን።

አመሻሽ ላይ ሕፃኑን በጋሪ ይዘን ኬኔት ሃን ፓርክ እንወጣለን፤ ከቤታችን ቅርብ ነው። እዚያ ላይ ሰፊ ሣር የለበሰ ጎድጓዳ ሜዳ አለ፤ ሰው ይሮጥበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ድሮ የውኃ ግድብ ነበር። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 14 ቀን 1963 ግድቡ ተሰነጠቀና ውኃው ቁልቁል ሰፈሩ ላይ ወረደ። ፖሊስ ቀድሞ ሰውን ማስወጣት ስለጀመረ ብዙዎች ተረፉ፤ አምስት ሰዎች ግን ሞቱ፣ በመቶ የሚቆጠሩ ቤቶች ፈረሱ ወይም ተጎዱ። የግድቡ መሰንጠቅ ከሄሊኮፕተር በቀጥታ በቴሌቪዥን ታየ። ይኼን ስነግራቸው መጽሐፉን ረሱት።

«ማን አደረገው?»

«መሬቱ ከሥር ስንጥቅ ነበረበት። ተንቀሳቀሰ።»

«መሬት በራሱ አይንቀሳቀስም። ማን አንቀሳቀሰው?»

ዞር ዞር ብለው አዩ። ከሜዳው ወዲያ፣ ከኮረብታው ጀርባ፣ አንዱ ብረት ጎንበስ ቀና ይላል። አማቴ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈን አድርገው፣ በምስጢር፣ ወፍ ራሳቸው ሆነው፣ «ያ ነው» አሉኝ። «ከሥሩ ሲስብለት ሲስብለት ባዶ ሆነ። ሲያዩት ያስታውቃል፤ ቀና ብሎ ሰው አያይም።»

ቤት ገብቼ ስለ ግድቡ አነበብኩ። ከአደጋው በኋላ የወጡ ጥናቶች መሬቱ ከሰጠመበትና ከተሰነጠቀበት ምክንያት አንዱ የነዳጅ ማውጣቱ ሥራ እንደሆነ ጽፈዋል። መሐንዲሶች በመሣሪያ የደረሱበት ጉዳይ አማቴ በአንድ ሕፃን ጋሪ ጉዞ ፈርደውበታል። አልነገርኳቸውም፤ ሕፃኑን እንኳ «ማን አስለቀሰው» ብለው አፈርሳታ ይጠሩብኝ ጀምረዋል።

ፌርፋክስ ግን የነገሩ ዋና መድረክ ነበር። ከኦሎምፒክ ቡልቫርድ ዝቅ ብሎ ያለው ያ አጭር መንገድ «ሊትል ኢትዮጵያ» የሚል ስም ከከተማው ምክር ቤት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። አጭር ስላችሁ፣ በእግር ቀጥ ብላችሁ ብትሄዱ ደቂቃዎች ነው፤ ሰላምታ እየሰጡ ከሄዱ ግን ግማሽ ቀን። ምዕራፉ ሳያልቅ ከደረስን መኪናው ውስጥ እንቀመጣለን፤ «ውጣና ለማቆሚያው ጨምርለት፣ ሴትየዋ ልትናገር ነው» ይላሉ። ምዕራፉ ሲያልቅ ይወርዱና፣ ቡና የሚፈላበት ቤት ገብተው፣ እስከዚያ የደረሰውን በሙሉ ያወርዱታል።

አንድ ቀን ጥግ ይዤ ሰማኋቸው። አና ዶላብራ «እሜቴ ሐና» ሆናለች። ዲን ቅኔ የተቀኘ ደብተራ ነው፤ አብሾውን ጠጥቷል፣ አረቄ ግን እስካሁን አልነካም። ከባሕር የሚመጣው አውሬ ዘንዶ ሆኗል፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ ገና አልደረሰም። ቪላው የአንድ ደጃዝማች ግቢ ነው። ዛፉ ብቻ ዛፍ ነው፤ እሱም ኮሶ ሆኗል። ጀበናው ዙሪያ የተቀመጡት ሴቶች ስኒያቸው በእጃቸው ቀርቷል። ጥግ ላይ ብቻውን ቴሌቪዥን ያይ የነበረ፣ እድሜውን ሙሉ ከኤርፖርት ሰው ሲያመላልስ የኖረ ሽማግሌ ወንበሩን ጎተት አድርጎ መጣና ክርክር ከፈተ። «የግቢውን ባለቤት ጠርጥሩ» አለ። አንዷ፣ «የውርስ ጉዳይ ነው፤ የውርስ ጉዳይ ያልሆነ ግድያ የለም» አለች። ማንም መጽሐፉን አልሰማም። ማንም የደራሲውን ስም አይጠራም። ሁሉም ግን አቋም አለው። በሚቀጥለው ሳምንት ስንመጣ ገና መኪናው ሳይቆም በመስኮት «ምን ደረሰ?» የሚሉን ነበሩ። ከእኔ ሊሰሙ ግን አይፈልጉም፤ እኔ ስነግራቸው ይደርቅባቸዋል፤ ከአማቴ ነው።

መጽሐፉ አለቀ፣ ገዳዩም ታወቀ። ማን እንደሆነ እዚህ አልጽፍም፤ የሚሰማው ይኖራልና። አማቴ ግን ከፍርዱ ጋር አልተስማሙም፤ ይግባኝ አለኝ ብለው ነው ወደ አገራቸው የተመለሱት።

ከሄዱ በኋላ፣ አንድ ጠዋት ነዳጅ ስቀዳ አንድ የማላውቀው ያገሬ ልጅ ባንዲራዬን መኪናዬ ላይ አይቶ ሰላም አለኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የሰሞኑን ነገር ሰማህ?» አለ።

«የቱን?»

«አገር ቤት አንድ ትልቅ ባለሥልጣን ሀብታም ቤት ተጋብዞ ሄዶ፣ ሲነጋ ሆዱ ውስጥ ዛፍ በቅሎ ሞቶ ተገኘ አሉ።»

አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እሱ ድንጋጤዬን ማዘን አድርጎ ወሰደው።

«መንግሥት ደብቆታል» አለ። «አንዳንዶቹ የአረንጓዴ አሻራ ችግኝ ነው ይላሉ። እኔ ግን አላምንም።»

«ለምን?»

«ያንን የሚያህል አይጸድቅማ!»

ዝም ብዬ ነዳጄን ቀዳሁ። ምን ልበለው? እንግሊዝኛ ልብ ወለድ ነው፣ አማቴ ናቸው ያወሩት ብዬ ብነግረው፣ እኔንም ከደበቁት ወገን ይቆጥረኛል።

የመጽሐፉ ተከታይ እ.ኤ.አ. በ2025 ወጥቷል። እሜቴ ሐና አዲስ ሬሳ አግኝተዋል። ይኼን ለአማቴ በስልክ አምልጦኝ ተናገርኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ስመለስ፣ ላ ሲየንጋ ላይ መኪናው በቆመ ቁጥር፣ የሰማሁትን በአማርኛ ቀድቼ በቴሌግራም እልካለሁ። ደብረ ማርቆስ ሲነጋ ቡና ላይ ከጎረቤት ጋር ይከፍቱታል። ጥያቄያቸው በድምፅ ተቀድቶ ይመለስልኛል፤ ከኋላው የስኒ ድምፅና የማላውቃቸው ሴቶች ክርክር ይሰማል። እኔም ሥራውን እየወደድኩት ሄድኩ። ድምፄን ከፍ ዝቅ ማድረግ፣ ሬሳው ሲገኝ ትንሽ ዝም ማለት፣ እንደ ወጋየሁ ቃል በቃል መርገጥ ጀመርኩ።

ሰሞኑን፣ «እንዴት ነው እማማ፣ አተራረኬ ጥሩ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ጥሩ ነው ልጄ፣ ተባረክ» አሉ። «ትንሽ ትንዛዛለህ። የልጄ ልጅ ማፍጠኛውን አሳይታን፣ አሁን ባንድ ነጥብ አምስት ነው የምንሰማህ።»